ያልከፈተችው መስኮት

ሰኔ 6

ለሚጡ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴና ከመንፈሴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዬ የዘገየው በስንፍና ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ከዚያ «ስንፍና ነው» ማለቴ ራሱ ትሑት ለመባል ይሆን እንዴ ብዬ ስመራመር ትራክተሩ ጥሎኝ ሄደ። ናፍጣ የሚያመላልስልን ትራክተር ነው፤ ወንዙ ጎደል ሲል ብቻ ይሻገራል፣ ደብዳቤም ከእሱ በቀር የሚወስድ የለም። እና ይቅርታ፤ ለመዘግየቱም፣ ለምክንያቱም።

የጠየቅሽኝን አንድ በአንድ ልመልስ። ብርድ ልብሱ ደርሶኛል። እበላለሁ። አይ፣ ብቻዬን አይደለሁም፤ የውሃ ጣቢያው ውስጥ ሁለት ነን። እኔ ውሃውን እመረምራለሁ፣ ሜካኒኩ ፓምፑን ያስነሳል። ሜካኒኩን የሚያውቀው ሁሉ «ጋሽ በጠቅላላው» ነው የሚለው፤ ያለዚህ ቃል ዐረፍተ ነገር ጀምሮ አያውቅም። ትናንት ከኩሽና ብቅ ብሎ «በጠቅላላው አልቋል» አለኝ። ደንግጬ ተነሣሁ። ያለቀው ጨው ነበር።

ክፍሌ ምን እንደምትመስልም ጠይቀሻል። አልጋዋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ናት። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ ለመዝጋት መጀመሪያ አልጋው ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍሌ ውስጥ ቆሜ አላውቅም፤ ወይ ተኝቻለሁ ወይ ወጥቻለሁ። መስኮት አላት፤ በሚስማር ተመትቷል። ስለ መስኮት ብዙ ባልናገር ይሻላል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ፤ «ለሚጡ መቼ ነው የምትጽፍላት?» ላልሽው። አቅልዬ አላየሁትም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ ልቤን እፈትሻለሁ። ትዕቢት አገኘሁ። ትዕቢቱን ሳነሣው ከሥሩ ሰው ፊት ትልቅ የመባል ጉጉት ቁጭ ብሏል። እሱን ሳነሣ ደግሞ ፍርሃት። ፍርሃቱን ገና አላነሣሁትም፤ ከባድ ነው። ሥሩ ጋ ሳልደርስ ብጽፍላት ቅጠል መቀንጠስ ነው የሚሆንብኝ። ሥሩ ጋ ስደርስ እጽፋለሁ። እስከዚያ በጸሎትሽ አስቢኝ።

ደካማው ባልሽ


ሰኔ 21

ለደካማው ባሌ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ስለሆነ ሳሎኑን ሰማያዊ ጨርቅ ውጦታል። ያንተ ወንበር ብቻ ነበር ነጻ የቀረው፤ እሱም ላይ ከትናንት ጀምሮ እጅጌ ተከምሮበታል። አዝናለሁ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ለእህቴ ባነብላት «ምን ዓይነት የተባረከ ሰው ነው!» ብላ አለቀሰች። ምን እንዳደረግክ ስለማታውቅ ነው።

እኔ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። አሁን የምደግምልህ ረስተኸው መስሎኝ ሳይሆን፣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ብታየው ይጠቅምህ ይሆናል ብዬ ነው።

የጸሎት ቤቱ መስኮት ክፍት አድሮ ዝናብ ገባ፤ የመዘምራኑ ኪቦርድ ውሃ ሲጠጣ አደረ። ከልምምድ መጨረሻ የወጣችው ልጅህ ናት። አንተ ደግሞ የንብረት ኃላፊነት የተሰጠህ ሽማግሌ ነህ። «አልከፈትኩም አባዬ» አለችህ። «ራስሽን መርምሪ» አልካት። ከዚያ ወዲያ ማዕድ ላይ ሳይቀር «መረመርሽ ወይ?» ሆነ ሰላምታህ። እሑድ «ፍርድ ከቤት ይጀምራል» ብለህ ጉባኤው ፊት አቆምካት። እሷም «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» ብላ ተቀመጠች። ሰዉ አንተን አደነቀ።

በሳምንቱ ዘበኛው ቤት ድረስ መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ቁጭ በል ብለው እንቢ ብሎ። «እትዬ፣ መስኮቱን የከፈቱት እኮ ጋሼ ናቸው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ተመልሰው ገቡ። ‹ልጸልይ ነው፣ ቤቱ ይታፈናል› ብለው ሲከፍቱት አይቻለሁ» አለኝ። ማታ ስነግርህ ፊትህ ሁሉን ነገረኝ። እዚያው ትዝ ብሎሃል። ብዙም ሳትቆይ ወደዚያ ጣቢያ ሄድክ፤ ራስህን ልትመረምር። መስኮቱን ስትከፍተውም እኮ ራስህን ልትመረምር ገብተህ ነበር።

አሁን «ሥሩ ጋ ሳልደርስ» ትለኛለህ። አንተ ሥር ስትቆፍር ዛፉ የወደቀው እኛ ላይ ነው። ሚጡ ከዚያ ወዲህ አትዘምርም። ከቤት ወጥታ መንገድ ከጀመረች በኋላ ትመለሳለች፤ ምድጃው ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት። አይታው ትሄድና ደግሞ ትመለሳለች። «እማዬ፣ ቧንቧውን ዘግቼዋለሁ አይደል? ስዘጋ አይተሽኛል አይደል?» ትለኛለች። ይገባሃል? ያንን መስኮት የከፈተችው እሷ እንደሆነች አምናለች። መርምሪ አልካት፤ መረመረች፤ ያላደረገችውን አገኘች።

የነርስነት ትምህርት ቤቱ ተቀብሏታል። ነሐሴ ሲጋመስ ትሄዳለች። ራሱን የማያምን እጅ ይዛ መርፌ ልትወጋ ነው። ከመሄዷ በፊት እውነቱን ከአፍህ ትስማ። ይህን ነገር የምናውቀው አንተ፣ እኔ፣ ዘበኛውና እግዚአብሔር ነን። መናገር ያለበት ከአራታችን አንዱ ነው። እግዚአብሔር እስኪናገር እየጠበቅክ ከሆነ ደግሞ እሱ ተናግሯል፤ በዘበኛው በኩል።

የሚጡ እናት


ሐምሌ 3

ለሚጡ እናት፣

ወቀሳሽ ደርሶኛል፤ ተገቢ ነው። መልሴ የዘገየው ወንዙ ሞልቶ ነው፤ በዚህኛው እንኳ እኔ የለሁበትም።

ከደብዳቤሽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ታዲያ ምን ይዞህ ነው?» ብለሽ ጽፈሻል። ከቀለሙ ይልቅ እርሳሱ ነው ያሳመመኝ። በእውነት ልመልስልሽ።

ልጽፍላት ተቀመጥኩ። «ውድ ልጄ ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ለማን ብዬ ነው የምጽፈው አልኩ። ለእሷ? ወይስ ለእኔ እንዲቀለኝ? ብጽፍ እንደሚቀለኝ እርግጠኛ ነኝ። እንግዲያው ለራሴ ነው። ለራሴ ከሆነ ንስሐ ሳይሆን የራስ ምታት ክኒን ነው። ወረቀቱን አጠፍኩት። በማግስቱ፣ አለመጻፌስ ፍርሃት ይሆን እንዴ ብዬ እንደገና ተቀመጥኩ። ጽፌ ስጨርስ «እንዴት ያለ ራሱን ዝቅ ያደረገ አባት!» ስትሉኝ ታየኝ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደነገጥኩ። ያንንም አጠፍኩት። የታጠፉትን ፍራሹ ሥር ነው የማስቀምጣቸው፤ አልጋው አንድ ወገኑ ከፍ እያለ መጥቷል።

ጋሽ በጠቅላላው እንኳ ታዝቦኛል።

«ሁልጊዜ የምትጽፈው ምንድን ነው?»

«ራሴን እየመረመርኩ ነው።»

«እና በጠቅላላው ምን አገኘህ?»

«ትዕቢት» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እሱንማ እኔም በመጣህ ቀን አግኝቼዋለሁ። ሌላስ?»

ሌላውን አልነገርኩትም።

ከታች ከመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ጥቂት ምእመናን አሉ። የጌታን እራት አብሬያቸው እንድቆርስ ለምነውኝ ነበር። ገና አልበቃሁም፣ ራሴን መርምሬ አልጨረስኩም ብዬ ቀረሁ። እነሱም በዚህ ይበልጥ አከበሩኝ። ሳያዩኝ እየከበርኩ ነው።

በሥራ በኩል ግን ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ዝናቡ የየጣቢያውን ውሃ አደፍርሶታል፤ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ስንዘግብ ሌሎቹ የሚጠሩት የድፍርስ ቁጥር ያሳቅቃል። የእኔ ዜሮ ነው። ትናንት ዜሮ፣ ዛሬም ዜሮ። ዋናው ቢሮ «ከዚህ ጣቢያ ተማሩ» ብሎ ለሁሉም አሰማ። ይህ ሁሉ እንግዲህ መሣሪያውን የምናስተካክልበት የታሸገ ንጹሕ ውሃ አልቆብኝ ነው፤ መንገዱ እስኪከፈት በብልሃት በራሳችን ውሃ እያስተካከልኩ እሠራለሁ። በጥቂቱ መታመን ማለት ይኸው ነው መሰለኝ። (ይህን በትዕቢት እንዳትወስጂብኝ።)

የሚጡ ጉዞ እንደታሰበው ነው? ጊዜ አለኝ?

ባልሽ


ሐምሌ 14

አንተ ሰው፣

አዎ፣ እንደታሰበው ነው። ጊዜ አለህ።

ደብዳቤህን አነበብኩት። ውስጡ ሦስት ሰው አለ፤ አንተ፣ አንተን የሚመረምረው አንተ፣ ደግሞ ሲመረምር ቆሞ የሚታዘበው አንተ። ሚጡ መቀመጫ አጣች።

«ለእኔ እንዲቀለኝ ይሆን ወይ» ትላለህ። ይቅለልህ! እዚህ ቤት እንዲከብድህ የጸለየ ሰው የለም። የጎረቤቱ ቤት የተያያዘበት ሰው ባልዲ አንጠልጥሎ «የማጠፋው ለነፍስ ብዬ ነው ወይስ ለስሜ?» ብሎ በሩ ላይ አይቆምም። ያጠፋና ከዚያ ሲመቸው ይመርምር።

ማዕዱንም ትተህ መቅረትህን ጻፍክልኝ፤ ጎበዝ እንድልህ ይሆናል። ሐዋርያው ሰው ራሱን መርምሮ ይቅረብ ነው ያለው፤ መርምሮ ጾሙን ይደር አላለም። ምርመራ ደፍ ነው። ይረገጥና ይገባል። አንተ ደፉ ላይ አልጋ ዘርግተህ ተኛህበት፤ ገቢውም ወጪውም በላይህ ይረማመዳል።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም እንዳልል ተምሬያለሁ፣ ግን ያስተማረኝ ስፌቱ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስሰፋ የራሴን ትከሻ ለክቼ አላውቅም። እጄን ወደ ኋላ ስልክ ትከሻው ከቦታው ይነሣል፤ የተለካው ሌላ ትከሻ ነው። ስለዚህ ሜትሩን ለሚጡ እሰጥና ዝም ብዬ እቆማለሁ። ያለችኝን ቁጥር ነው የምቆርጠው፣ ባይጥመኝም። ቁጥርህን ነግሬሃለሁ። ቁረጥ።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ለብቻህ ሆነህ አንብበው። ትናንት ቁልፍ እየተከለችልኝ፣

«አባዬ ስለ እኔ ጠየቀ?» አለችኝ።

«ጠይቋል።»

«ምን አለ?»

ምን ልበላት? «ጊዜ እንዳለው ጠየቀ» አልኳት።

«እስካሁን ተቀይሞኛል ማለት ነው። ወደዚያ የሄደው እኮ በእኔ አፍሮ ነው» አለች። አላለቀሰችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ ቁልፍ አነሣች። ከዚያ የተከለችውን መልሳ ሳበችው፣ ጠብቆ እንደሆነ።

የሚጡ እናት


ሐምሌ 24

ለሚጡ እናት፣

በአጭሯ ማስታወሻሽ «ቢሮው ስላንተ የሚያወራው ምንድን ነው?» ብለሻል። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

የመንገድ ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ታመሙ። ድነዋል፣ አትደንግጪ። የሚጠጡት የእኛን ውሃ ነው። ጋሽ በጠቅላላው ከሰፈሩ አንድ ብርጭቆ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ» አልኩት።

«ያንተ ዜሮ ነው» አለኝ።

መሣሪያው ውስጥ አስገባሁት። ዜሮ አለ። ብርጭቆውን አየሁት፤ ማዶው አይታይም። መሣሪያውን አየሁት፤ ዜሮ።

መሣሪያው ሞኝ ነገር ነው። መጀመሪያ ያሳየሽውን ውሃ «ንጹሕ ማለት ይህ ነው» ብሎ ይይዛል፤ ቀጥሎ የምታስገቢውን ከዚያ ጋር ያስተያያል። እኔ በየጠዋቱ ድፍርሱን አሳየውና «ንጹሕ ይህ ነው» እለዋለሁ። ከዚያ ያንኑ ድፍርስ መልሼ አስገባና ንጹሕነቱን አረጋግጣለሁ። በጥንቃቄ። ብልቃጡን በጨርቅ ወልውዬ።

«ንጹሑ አልቆ እኮ ነው፤ መንገድ ተዘግቶ ከየት ላምጣ?» አልኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እየጮህን ነበር የምንነጋገረው። ጋሽ በጠቅላላው ጣሪያውን አየ። እኔን አየ። ምንም አላለም፤ በጠቅላላው።

ሳህን አጥበን ደጅ አወጣን። መሣሪያውን በዝናቡ ውሃ አስተካክዬ የእኛን ሳስገባ የወጣው ቁጥር ሬዲዮ ላይ ስሰማቸው ከነበሩት ሁሉ የከፋ ነው።

ከዚህ ምን ትምህርት እንደምታወጪ አውቃለሁ፤ እባክሽ አትጻፊልኝ።

ጠዋት ጣቢያዎቹ ሁሉ እየሰሙ «ስጠራ የከረምኩት ቁጥር ስሕተት ነው፣ ሕዝቡ ውሃውን አፍልቶ ይጠጣ» አልኩ። የቢሮው ሰው ደግ ነው፤ ሊያድነኝ ፈለገ። «መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ዓይኔ በራ። አዎ ብል እዚያው ያልቅ ነበር። «መሣሪያው ደህና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ ተረኛው ጣቢያ ቁጥሩን ጠራ። አለቀ። ሰማይ አልተደፋም። ሌላ ቀን ቢሆን ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ፍራሽ ሙሉ ወረቀት ይፈጅብኝ ነበር።

በዚያው ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወንዙ ዳር ወረድኩ፤ ሚጡን ፊት ለፊት ልነግራት። ወንዙ ግንድ ከነቅርንጫፉ ይዞ ይወርዳል። ማዶ ያለው መንገድ ይታየኛል፤ ሰው ሲሄድበት ሳይቀር። ስችል አልፈለግኩም፤ ስፈልግ አልቻልኩም። ልብሴ እስኪርስ ቆሜ ተመለስኩ፣ አልጋዬ ላይ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

ስለዚህ ከዚህ ጋር ሁለት ወረቀት ልኬያለሁ። አንዱ ለእሷ ነው። አልታሸገም፤ አንብቢውና ስጫት። ሌላው ለጉባኤው ነው፤ እሷ በቆመችበት፣ እሑድ፣ ሰው ሞልቶ ይነበብ። ከፍራሹ ሥር ያሉትን ጋሽ በጠቅላላው እሳት ማቀጣጠያ አደረጋቸው፤ ለእርጥብ እንጨት ጥሩ ናቸው አለኝ። ትራክተሩ መቼ እንደሚሻገር እንጃ። ብቻ ሳትሄድ ይድረስላት።

ባልሽ


ሐምሌ 24

ለሚጡ፣

መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንቺ አልከፈትሽም። መጀመሪያ «አልከፈትኩም አባዬ» ያልሽኝ እውነት ነበር፤ እውነትሽን ከእጅሽ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። እኔ መሆኔን ካወቅኩ በኋላም ዝም አልኩ። ወደዚህ የመጣሁት በአንቺ አፍሬ አይደለም፤ አንቺን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነው። ይቅር በይኝ።

አባትሽ


ነሐሴ 9

ለሚጡ አባት፣

ትራክተሩ ዘግይቶ ደረሰ። ሚጡ ሄዳለች።

«እንደታሰበው ነው፣ ጊዜ አለህ» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ውሸቴን ነው። ያን ስጽፍ ትምህርት ቤቱ ቶሎ ግቡ ብሎ ጠርቷት፣ ሻንጣዋ አልጋዋ ላይ ተከፍቶ ነበር። ለምን ደበቅኩህ? ራሴን ጠየቅኩ። እንዳንተ አልቆየሁበትም፤ አንድ ኮሌታ ገልብጬ እስክሰፋ መልሱ መጣ። እንድትዘገይ ፈልጌ ነው። አንተ ዘግይተህ እኔ ልክ እንድሆን።

የባሰም አለ። ዘበኛው የነገረኝ ዕለት ለልጄ በአንድ ቃል መናገር እችል ነበር። «ከአባቷ አፍ ትስማው» የሚል መንፈሳዊ የሚመስል ምክንያት አበጀሁና ተቀመጥኩ። ምድጃ ለማየት ስትመላለስ እያየሁ፣ ያንተን ጥፋት እንደ ጌጥ አንገቴ ላይ አስሬ። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ሜትሩን ስይዝልህ እኔን የለካኝ የለም።

አውቶቡስ ተራ ወሰድኳት። ዕቃዋ ከተጫነ በኋላ ወርዳ መጣችና «እማዬ፣ ስንወጣ በሩን ቆልፈነዋል አይደል?» አለችኝ። እዚያ ላይ አቃተኝ። ሰው እየገፈተረን፣ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ፣ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ስላንተ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። «አንቺ ያወቅሽው መቼ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሺ እማዬ» አለችና ገባች። ወደ ኋላ አላየችም። ደብዳቤህ ሲደርስ ላክሁላት፤ የእኔንም ጨምሬ።

የጉባኤውን ወረቀት ለመጋቢው ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈው። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የቤት ጉዳይ ነው። የሽማግሌን ስም አደባባይ ከምናወጣ ጠቅለል ባለ መልኩ እንጸልይበት» አለኝ። «ስታቆሟት ቤታችን ነበረች እንዴ?» አልኩት። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። እሑድ ማስታወቂያው ሲያልቅ ተነሥቼ ራሴ አነበብኩት፣ መጨረሻው ላይ የራሴንም ጨመርኩበት። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ታዲያ ኪቦርዱስ?» አለች። ማንም አልሳቀም። እኔም የሳቅኩት አሁን ልጽፍልህ ስቀመጥ ነው፤ ሳቁም ጥሩ ሳቅ አልሆነልኝም።

ትጻፍልህ አትጻፍልህ አላውቅም። ለእኔም አልጻፈችልኝም። ቤቱ በጨርቅ እንደተሞላ ነው፤ በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ ትቻለሁ፣ ከማሽኑ እስከ በሩ። ፖስተኛው ሲመጣ እሄድበታለሁ፤ ሲያልፍ እመለስበታለሁ።

ሚስትህ


ነሐሴ 28

ለአባዬ፣

እንደምን ነህ? እኔ ደህና ነኝ። «የመጀመሪያው ደርሶሽ ይሆን?» የምትለው ሁለተኛ ደብዳቤህ ደርሶኛል። የመጀመሪያውም ደርሶኛል። የዘገየሁት ስጽፍ ስቀድ አይደለም። መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

የምንተኛው ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፣ ክፍሉ ሁሉ ሳሙናና ካልሲ ይሸታል። ብቻ መሆን የሚቻለው ደረጃው ሥር ነው። እዚያ ቆሜ አነበብኩት። «ግን» የሚለውን ቃል እየፈለግኩ ደግሜ አነበብኩት። የለም። ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ከአንተ ይልቅ የተናደድኩት በእማዬ ነው። አንተ ሩቅ ነበርክ። እሷ ቧንቧ ልዘጋ ስመላለስ አጠገቤ ነበረች። ለእሷም ጽፌያለሁ፤ ምን እንደጻፍኩ እሷ ከፈለገች ትንገርህ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ያን መስኮት ስከፍት ትዝ ይለኝ ነበር። እውነቴን ነው። መቀርቀሪያው እጄ ላይ ሲቀዘቅዘኝ ሳይቀር። መርምሪ ስትለኝ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ ሲጠፋብኝ ሠራሁት። አሁን «እኔ ነኝ» ካልከኝ በኋላም ቅዝቃዜው ከእጄ አልሄደም። እንዲከብድህ ብዬ አይደለም። ይቅር በይኝ ስትል የምትለው ይህን ጭምር እንደሆነ እንድታውቀው ነው።

ይቅርታው የሚመጣ ይመስለኛል። ገና ነው። አታስቸኩለኝ፣ በደብዳቤም በጸሎትም። መንገዱ ሲከፈት ልምጣ ወይ ላልከው፣ ና። ብዙ እንዳትናገር ግን።

ረጅም ጸሎት አልችልም አሁን፣ ያዞረኛል። ስተኛ የምለው አንዲት ነገር ናት። «የሠራሁትን አሳየኝ፤ ያልሠራሁትን አታሸክመኝ።» የታየኝ ካለ በማግስቱ ለባለቤቱ እናገራለሁ። ባለፈው ከላዬ የምትተኛዋን ልጅ በማንኮራፋቷ ሰው ፊት ቀልጄባት ነበር። ጠዋት ነገርኳት። «አንቺም ታንኮራፊያለሽ» አለችኝ፣ አለቀ። ምንም ካልታየኝ እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን መተኛቱ ከመናገሩ ይከብዳል።

ዛሬ ሕመምተኛ ከአልጋ አንሥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ተማርን። ሕመምተኛዋ ያቺው የምታንኮራፋዋ ልጅ ናት፤ ደህና አድርጋ ታቃስታለች። መጀመሪያ የአልጋው ጎማ ይቆለፋል፤ ካልተቆለፈ አልጋው ይሸሽና ሰው ይወድቃል። አስተማሪያችን ኃይለኛ ናት፣ «ብረቷ» ነው የምንላት። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ሁሉም ያዩኛል። አንገቴ ሊዞር ጀመረ፤ ጎንበስ ብዬ ላየው ጉልበቴ ሊታጠፍ። ልጅቷ ማቃሰቷን ትታ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች።

«ስቆልፈው አይቻለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? አንሺያት።»

አላየሁትም። በብብቷ ሥር እጄን አስገብቼ፣ ወደ ራሴ አስጠግቼ፣ አነሣኋት።

አልጋው አልተነቃነቀም።

ልጅህ